ጀማሪዋና ኪሮሿ፤ የኪሮሽ ሥራ ትምህርት በአየርላንድ የረኀብ ዘመን

፩. ስለ ርእሰ ነገሩ

የሕዝቦችን ኑሮና ልማድ የሚመረምሩ ሊቃውንት ስለ ሸማኔው መወርወሪያ፥ ስለ አንጥረኛው ወናፍ፥ ስለ ሸክላ ሠሪዋ ጭቃ ብዙ ጽፈዋል። ሴቶች በየቤታቸው ተቀምጠው በኪሮሽ የሚሠሩት ዳንቴል ግን ብዙውን ጊዜ እንደ ትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ እየተቈጠረ የታሪክ መርማሪዎችን ዐይን ሳይስብ ቈይቷል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አስተያየት የተሳሳተ መሆኑን በአንድ የታወቀ ምሳሌ ማስረዳት ነው። ምሳሌውም ከ1845 እስከ 1852 በአየርላንድ ላይ የወረደው ታላቅ ረኀብና በዚያ ዘመን የኪሮሽን ሥራ ከመጀመሪያው ቀለበት አንሥተው የተማሩት ድኾች ሴቶች ታሪክ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የምናነሣው ጥያቄ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። አንድን የእጅ ሥራ ከዚያ ቀደም ያልለመደች ሴት ሥራውን ለመጀመር ምን ያስፈልጋታል? ከማንስ ትማራለች? ስትሳሳትስ ምን ትከስራለች? እነዚህ ሦስቱ የአስተማሪ እንጂ የታሪክ ጸሐፊ ጥያቄዎች አይመስሉም። ነገር ግን አንድ ሙያ በማን እጅ እንደሚገባ፥ በምን ፍጥነት እንደሚስፋፋ፥ ለባለሙያውም ምን ያህል እንጀራ እንደሚያበላ የሚወስነው አብዛኛውን ጊዜ የጀማሪው ሁኔታ ነው።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ ዳንቴል የምንለው ቃል ምንጩ ፈረንሳይኛ ሲሆን፥ በዚያ ቋንቋ ጥርስ ከሚለው ቃል ወጥቶ ጥቃቅን ጥርስ እንደ ማለት ነው፤ የሥራው ጠርዝ የተደረደረ ጥርስ መስሎ ስለሚታይ ይህ ስም ወጥቶለታል። ኪሮሽ የሚለውም ከዚያው ቋንቋ የመጣ ነው፤ ትርጓሜውም ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። በእኛ አገር ኪሮሽ የሚባለው ጫፉ የተቈለመመው መርፌ ነው፤ በእርሱ የተሠራውን ደግሞ ዳንቴል እንለዋለን። በፈረንሳይኛ ግን ዳንቴል የሚለው ስም በስፌት መርፌ ወይም በትንንሽ የእንጨት ማጠንጠኛ የሚሠራውን፥ ከኪሮሽ ሥራ እጅግ የቀደመውን ስስ የክር ሥራ ሁሉ ይጠቀልላል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የኪሮሽ ሥራ ስንል በመንጠቆው መርፌ የሚሠራውን ብቻ ማለታችን ነው። ፈትል፥ ስፌትና ጥልፍ በእኛ ቋንቋ የራሳቸው የቈየ ስም ሲኖራቸው፥ ኪሮሽና ዳንቴል ግን ስማቸውን ይዘው ከውጭ መግባታቸው ሙያው ራሱ እንግዳ ሆኖ መጥቶ ቤተኛ እንደ ሆነ ይመሰክራል።

፪. የሙያው ዕድሜና ጠባይ

ብዙ ሰዎች የኪሮሽን ሥራ እንደ ሽመና ጥንታዊ አድርገው ይገምቱታል። ሽመና በሺሕ የሚቈጠር ዘመን አለው፤ በመካከለኛው ዘመን በግብፅ የተሠሩ የሹራብ ካልሲዎችም በየሙዚየሙ ይታያሉ። ስለ ኪሮሽ ሥራ ግን እንዲህ ያለ ማስረጃ አልተገኘም። ዴንማርካዊቷ ተመራማሪ ሊስ ፓሉዳን በ1986 ባሳተሙት የምርምር መጽሐፍ፥ ሥራው ከ1800 ገደማ አስቀድሞ በአውሮፓ እንደ ነበረ የሚያስረዳ አጥጋቢ ማስረጃ አለመኖሩን አሳይተዋል። እንግዲህ አያቶቻችን የሚያውቁት ይህ ሙያ ከባቡርና ከፎቶግራፍ እምብዛም የማይበልጥ ዕድሜ ያለው ነው ማለት ነው።

አመጣጡን በሚመለከት በብዙ መርማሪዎች ዘንድ ተቀባይነት ያለው አስተያየት የሚከተለው ነው። በ18ኛው ምእት ዓመት ከምሥራቅ አገሮች ወደ አውሮፓ አንድ ዐይነት ጥልፍ ገባ። ጨርቁ እንደ ከበሮ ቆዳ በክብ እንጨት ላይ ይወጠርና ጠላፊዋ በመንጠቆ ክሩን ከሥር ወደ ላይ እየሳበች ቀለበትን በቀለበት ውስጥ ታሳልፋለች። ፈረንሳዮችም ይህን ጥልፍ በከበሮ ስም ታምቡር ብለው ጠሩት። ከጊዜ በኋላ ጨርቁ ቀረና መንጠቆውና ክሩ ብቻ ቀሩ፤ ቀለበቱም ያለ ጨርቅ በአየር ላይ መሠራት ጀመረ። በሌላ በኩል ደግሞ በስኮትላንድ እረኞች በመንጠቆ ወፍራም የሱፍ ልብስ ይሠሩ እንደ ነበር ኤሊዛቤት ግራንት የተባሉት እመቤት ስለ 1812 በጻፉት ማስታወሻ ይገኛል። በ1820ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ፔኔሎፔ የተባለው የሆላንድ የሴቶች መጽሔት በኪሮሽ ስለሚሠሩ የሐር ቦርሳዎች መመሪያ አወጣ። ለሕዝብ ታትመው ከወጡት የኪሮሽ መመሪያዎች መካከል ከሁሉ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ይህ ነው።

ወደ ሥራው ጠባይ እንመለስ። በሽመና ድር አስቀድሞ ይደወራል፥ ይወጠራል፤ ማግም በመካከሉ ይመላለሳል። ለዚህም ዕቃው፥ ጉድጓዱና የተወሰነ ስፍራ ያስፈልጋል። በኪሮሽ ሥራ ድር የለም፥ ማግም የለም። ያለው አንድ ክር ብቻ ነው። ጀማሪዋ በክሩ ጫፍ ላይ የሚላላና የሚጠብቅ ቋጠሮ ትሠራለች፤ መንጠቆዋን በቀለበቱ አስገብታ ክሩን ትስባለች፤ አዲስ ቀለበት ይወጣል፤ በዚያም ውስጥ እንደገና ትስባለች። ይህ ሲደጋገም ሰንሰለት ይሆናል፤ ሰንሰለቱም የሥራው ሁሉ መሠረት ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ትምህርት ሁሉ መንጠቆውን በየትኛው ቀዳዳ ማስገባትና ክሩን ስንት ጊዜ መጠምጠም እንደሚገባ ማወቅ ብቻ ነው።

እውነተኛው የጀማሪ ችግር ከመንጠቆው ይልቅ ከክሩ በኩል ነው። ቀኝ እጅ ቶሎ ይለምዳል፤ ክሩን በጣቶች መካከል አሳልፎ አንድ ጊዜ የሚለቀውና አንድ ጊዜ የሚይዘው ግራ እጅ ግን ዘግይቶ ነው የሚታረቀው። ክሩን አጥብቃ የያዘች ጀማሪ ቀለበቷ ከመጥበቁ የተነሣ መንጠቆው አይገባላትም፤ ያላላች እንደ ሆነ ሥራዋ እንደ ወንፊት ይሆናል። ሁለተኛው ችግር የቍጥር ነው። በየመሥመሩ መጨረሻ ያለችው ቀዳዳ ተሸፍና ስለምትታይ ጀማሪዋ ትዘልላታለች፤ አራት ማዕዘን ሆኖ የታሰበውም ሥራ መሥመር በጨመረ ቍጥር እየጠበበ ሄዶ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ስለዚህ የኪሮሽ ሥራ የእጅ ትምህርት ብቻ ሳይሆን የቍጥር ትምህርትም ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለታሪካችን የሚያስፈልጉት ሌሎች ሁለት ጠባዮች ናቸው። አንደኛ፥ በሹራብ ሥራ ብዙ ቀለበቶች በአንድ ጊዜ በመርፌው ላይ ስለሚቀመጡ መርፌው ቢያመልጥ ሁሉም ሊፈታ ይችላል፤ በኪሮሽ ግን በአብዛኛው አንድ መሥመር ተሠርቶ ሲያልቅ በመንጠቆው ላይ የሚቀረው አንድ ቀለበት ብቻ ነው። ሕፃን ቢያለቅስ ወይም ድስት ቢገነፍል ሥራውን ጥሎ መነሣት ይቻላል። ሁለተኛ፥ የተሳሳተው ሥራ ክሩን በመሳብ ብቻ ይፈታል፤ ክሩም ተመልሶ በልቃቂቱ ላይ ይጠመጠማል። ጨርቅን አሳስቶ የቈረጠ ልብስ ሰፊ ጨርቁን አበላሸ፤ ኪሮሽን አሳስታ የሠራች ጀማሪ ግን የምትከስረው ጊዜዋን ብቻ ነው። ከጊዜዋ በቀር ሌላ ሀብት ላልነበራት ሴት ይህ ትንሽ ነገር አልነበረም።

፫. በመጽሐፍ መማርና አጠገብ ተቀምጦ መማር

በ1840ዎቹ በእንግሊዝ አገር የኪሮሽ ሥራ በባለጠጎች ቤት ወይዛዝርት ዘንድ ታላቅ ፋሽን ሆነ። መጻሕፍትም ተከታትለው ወጡ። ፍራንሲስ ላምበርት የተባሉት ደራሲ በ1840ዎቹ መጀመሪያ ስለ ኪሮሽ ሥራ ብቻ የተዘጋጀ መጽሐፍ አሳተሙ። ከእርሳቸውም ይልቅ ስማቸው የገነነው ኤሌኖር ሪዬጎ ደ ላ ብራንሻርዲዬር በ1846 ስለ ሹራብ፥ ስለ ኪሮሽና ስለ መረብ ሥራ መጽሐፍ አወጡ። በሕይወታቸውም ዘመን ከ70 የሚበልጡ የእጅ ሥራ መጻሕፍትን አሳተሙ፤ በ1851 በለንደን በተደረገው ታላቅ ዓለም አቀፍ ትርኢትም ተሸልመዋል። ወይዘሪት ሪዬጎ አባታቸው ፈረንሳዊ፥ እናታቸው አየርላንዳዊት ነበሩ፤ በኋላ የአየርላንድ ኪሮሽ የተባለውን የሥራ ዐይነት የፈለሰፍሁት እኔ ነኝ ይሉ ነበር።

በመጽሐፍ መማር ግን የራሱ ችግር ነበረው። የእጅን እንቅስቃሴ በቃላት መግለጥ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ቃላቱም ገና አልተወሰኑም ነበር። የዚህ አለመወሰን ርዝራዥ እስከ ዛሬ ድረስ አለ። እንግሊዞች ድርብ ብለው የሚጠሩትን የኪሮሽ ዐይነት አሜሪካውያን ነጠላ ይሉታል። የአንዱን አገር መጽሐፍ በሌላው አገር ስም የተረዳች ጀማሪ ቍጥሯን ሳትስት የሥራዋ መጠንና መልክ ይለወጥባታል። በቋንቋ ምክንያት የሚመጣውን ይህን ችግር ለማስወገድ ኋላ በሥዕላዊ ምልክት የሚያስተምሩ መጻሕፍት ተዘጋጁ፤ የጃፓን መጻሕፍት በዚህ የታወቁ በመሆናቸው ቋንቋውን የማያውቅ ሰው እንኳ ምልክቱን አይቶ መሥራት ይችላል።

በአየርላንድ ገጠር ግን ሁኔታው ሌላ ነበር። በ1841 በተደረገው የሕዝብ ቈጠራ ዕድሜው ከ5 ዓመት በላይ ከሆነው ሕዝብ 53 በመቶው ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ለእነዚህ ሰዎች የወይዘሪት ሪዬጎ መጽሐፍ የተዘጋ በር ነው። ለእነርሱ የተከፈተው በር ከዐዋቂ አጠገብ ተቀምጦ እጅን በዐይን መከተል ነበር። በእኛ አገር ልጃገረድ ከእናቷ ወይም ከአክስቷ አጠገብ ተቀምጣ የእንዝርትን አሿሿርና የሰፌድን አጀማመር የምትማርበት መንገድ ይኸው ነው። በዚህ መንገድ የሚማር ሰው ሕጉን በቃል ላይናገር ይችላል፤ እጁ ግን ያውቀዋል። ከዚህም በላይ የኪሮሽ ሥራ አንድ ልዩ ጥቅም አለው፤ የተሠራው ነገር ራሱ መጽሐፍ ነው። ጥቂት የለመደች ሠራተኛ የሌላዋን ጽጌረዳ በእጇ ይዛ፥ ቀለበቱን ቈጥራ፥ የክሩን ጕዞ ተከትላ መልሳ መሥራት ትችላለች። ፊደል የማታውቅ ሴት ዳንቴልን ማንበብ ትችል ነበር።

፬. ረኀቡና ትምህርቱ

በ1841 የአየርላንድ ሕዝብ 8.2 ሚሊዮን ያህል ነበር። ከዚህ ብዙው ክፍል ኑሮው በድንች ላይ የተመሠረተ ነበር። በ1845 የድንች ዋግ ገባ፤ በ1846 ደግሞ ምርቱን ፈጽሞ አጠፋው። ረኀቡና ተከትሎት የመጣው በሽታ አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ፈጀ፤ ከዚያም የሚበልጥ ሰው ወደ ባሕር ማዶ ተሰደደ። በ1851 በተደረገው ቈጠራ የሕዝቡ ብዛት 6.6 ሚሊዮን ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ።

ለሴቶቹ መከራው በሌላ መከራ ላይ የወደቀ ነበር። በሰሜኑ ክፍል፥ በአልስተር፥ የገበሬ ሚስቶችና ልጃገረዶች ከተልባ እግር የሚገኘውን ጭረት እየፈተሉ ለሸማኔ በመሸጥ ለቤታቸው ገንዘብ ያስገቡ ነበር። ከ1820ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የፈትል ፋብሪካዎች ሲስፋፉ ይህ ገቢ ደረቀ። ስለዚህ ረኀቡ በደረሰ ጊዜ ለክር የሠለጠነ እጅ ነበረ፤ የሚሠራው ሥራ ግን አልነበረም።

የኪሮሽ ትምህርት ወደዚህ ሕዝብ የገባው በአንድ በር ብቻ አይደለም። በደቡብ፥ በኮርክ አጠገብ በብላክሮክ የነበሩት የኡርሱሊን ደናግል በ1845 ለድኾች ልጆች ያስተምሩ ነበር። በኪልዴር ግዛት በቶርንተን ወይዘሮ ሮበርትስ የተባሉ እመቤት የአካባቢያቸውን ሴቶች አስተምረው፥ የሠለጠኑትን ደግሞ አስተማሪ አድርገው ወደ ሌላ ስፍራ ይልኩ ነበር። በ1847 ካሳንድራ ሃንድ የተባሉት የአንግሊካን ካህን ሚስት ከባላቸው ጋራ በሞናሃን ግዛት ወደምትገኘው ወደ ክሎኒስ መጡ። የሕዝቡን መከራ አይተው ከቶርንተን አንዲት አስተማሪ አስመጡ፤ ክሎኒስም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከአየርላንድ ታላላቅ የኪሮሽ ሥራ ማዕከሎች አንዷ ሆነች። በዚያ ዘመን በሃይማኖት ተለያይተው የነበሩት ካቶሊካውያን ደናግልና የፕሮቴስታንት ካህናት ሚስቶች ሳይመካከሩ አንድ ዐይነት መፍትሔ ማግኘታቸው ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

ለምን ይህ ሙያ ተመረጠ? መልሱ ከላይ በተናገርነው ጠባይ ውስጥ ይገኛል። በስፌት መርፌ ወይም በማጠንጠኛ የሚሠራውን የጥንቱን ዳንቴል በሚገባ ለመማር ዓመታት ያስፈልጋሉ፤ የተራበ ሰው ግን ዓመታትን አይጠብቅም። የኪሮሽን የመጀመሪያ እንቅስቃሴ በቀናት ውስጥ መልመድ፥ አንዲትን አበባ ለገበያ እንድትበቃ አድርጎ መሥራት ደግሞ በሳምንታት ውስጥ ይቻላል። መሣሪያውም በቤት ይሠራ ነበር። የስፌት መርፌ ዐይኗ በእኩል ተሞርዳ መንጠቆ ትሆንና በእንጨት ወይም በቡሽ እጀታ ላይ ትተከል ነበር። ወንዶች መንገድ እየቈፈሩ ድንጋይ በሚፈልጡበት የመንግሥት የረድኤት ሥራ ላይ መዋል ያልቻለች ደካማ ሴት ሕፃኗን በአጠገቧ አድርጋ ይህን ልትሠራ ትችላለች።

ትምህርቱም እንደ ሥራው ተከፋፈለ። የአየርላንድ ኪሮሽ እንደ ጨርቅ ከአንድ ጠርዝ ወደ ሌላው አይሠራም። ጽጌረዳው፥ ቅጠሉ፥ የወይን ዘለላው፥ ሻምሮክ የተባለው ባለ ሦስት ቅጠል ሣር ለየብቻ ይሠራሉ፤ ጎላ ብለው እንዲታዩም በወፍራም ክር ላይ ይጠለፋሉ። ከዚያ በንድፍ ላይ ተደርድረው በስስ መረብ ይያያዛሉ። ስለዚህ ጀማሪዋ ሙያውን በሙሉ እስክታውቅ ድረስ መጠበቅ አላስፈለጋትም። አንዲት ቅጠል ብቻ የምታውቅ ልጅ ቅጠል እየሠራች ትሸጣለች፤ የማያያዙን ሥራ የበሰሉት ይሠሩታል። አንዳንድ ቤተሰቦች የራሳቸውን አበባ እንደ ምስጢር ይጠብቁ እንደ ነበርም ይነገራል። ሥራው ጢስ በሞላበት ጎጆ ውስጥ ይሠራ ስለ ነበር ጠቍሮ ይመጣል፤ ከመሸጡም በፊት ታጥቦ መንጻት ነበረበት። በለንደን በባለጠጋ እመቤት አንገት ላይ በረዶ መስሎ የሚታየው ዳንቴል ከዚያ ጎጆ የወጣ ነበር።

፭. የቀላልነቱ ዋጋ

ይህን ታሪክ የበጎ አድራጎት ድል ብቻ አድርጎ መተረክ እውነቱን ማጕደል ነው። ብዙዎችን በፍጥነት ያስገባው በር ለብዙዎች ክፍት ስለ ነበረ የሙያው ዋጋ ዝቅ አለ። ማንም በሳምንታት ሊማረው የሚችለውን ሥራ ነጋዴው በርካሽ ይገዛል፤ አንዷ እምቢ ብትል ሌላዋ አለችና። ከዚህም ጋራ ሌላ ችግር መጣ። ከጎረቤቷ አበባ የቀዳችውን ሌላዋ ትቀዳባታለች፤ ከዚያም ሦስተኛዋ። ሥዕል የመንደፍ ትምህርት ስላልተሰጣቸው አበባው በየእጁ ሲተላለፍ መልኩን እያጣ ሄደ፤ ገበያውም ቀዘቀዘ። በ1883 በኮርክ ከተማ የኢንዱስትሪ ትርኢት ከተደረገ በኋላ አለን ኮል የተባሉት እንግሊዛዊ ሊቅ በየገዳማቱና በየትምህርት ቤቱ እየዞሩ ስለ ንድፍ አስተማሩ፤ ሥራውም እንደገና አንሠራራ። በ20ኛው ምእት ዓመት መባቻ የአየርላንድ ኪሮሽ በለንደንና በፓሪስ ታላቅ ፋሽን ሆነ።

በዚያው ጊዜ ግን ተወዳዳሪ ተነሥቶ ነበር። ከ1880ዎቹ ጀምሮ በሳክሶኒና በስዊስ አገር በሳንክት ጋለን ያሉ ፋብሪካዎች በሚሟሟ ጨርቅ ላይ በማሽን ጠልፈው፥ ኋላም ጨርቁን በኬሚካል በማጥፋት ጥልፉን ብቻ ያስቀሩ ነበር። ይህም የአየርላንድን ኪሮሽ መስሎ በርካሽ ተሸጠ። ይሁን እንጂ ማሽኑ መልኩን አስመሰለ እንጂ አሠራሩን አልወሰደም፤ እስከ ዛሬ በገበያ ላይ የሚገኘው እውነተኛ የኪሮሽ ሥራ በሰው እጅ የተሠራ ነው። ስለዚህ የትም አገር ርካሽ የኪሮሽ ልብስ ያየ ሰው ዋጋውን ያረከሰው ፋብሪካ ሳይሆን የአንዲት ሠራተኛ ጥቂት ደመወዝ መሆኑን ማሰብ ይገባዋል።

ያው እንቅስቃሴ ለሌላዋ ጨዋታ ነበር። ንግሥት ቪክቶሪያ በ1900፥ በእርጅናቸው ዘመን፥ በደቡብ አፍሪካ ይዋጉ ለነበሩ ወታደሮች የሚሸለሙ 8 የአንገት ልብሶችን በገዛ እጃቸው በኪሮሽ ሠርተዋል። የንግሥቲቱና የክሎኒሷ ሴት ጣቶች የሚያደርጉት አንድ ነው። ልዩነቱ አንዷ ባትሠራ ራቷን የማታጣ መሆኗ ነው። እንግዲህ የኪሮሽ ሥራ የትርፍ ጊዜ ማሳለፊያ ነው የሚለው አስተያየት ስለ ሥራው ሳይሆን ስለ ተመልካቹ ኑሮ የሚናገር ነው።

፮. ለእኛ የሚሰጠው ትምህርት

ከዚህ ታሪክ ለራሳችን ጥናት ሁለት ነገር እናገኛለን። አንደኛው ስለ ክርና ስለ ጾታ ነው። በደጋው አገራችን ልማድ ጥጥ መፍተል የሴት፥ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። ሴቲቱ ባዘቶውን ፈትላ ልቃቂቱን ለሸማኔ ትሰጣለች፤ ክሩ የእርሷ፥ ሸማው የእርሱ እጅ ሥራ ነው። ኪሮሽ በቤታችን ሲገባ ሴቲቱ ያለ ሸማኔ ክርን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በገዛ እጇ የምታደርስበት አንድ ተጨማሪ መንገድ አገኘች። በጠረጴዛና በሶፋ፥ ኋላም በቴሌቪዥን ላይ የተዘረጋው ነጭ ዳንቴል የቤት ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቲቱ የመማርዋና የመጨረስዋ ምስክር ነው።

ሁለተኛው ስለ ምርምር መንገድ ነው። የአየርላንድን ጀማሪዎች ታሪክ ልናውቅ የቻልነው የበጎ አድራጊዎቹ እመቤቶች፥ የገዳማቱና የትርኢቶቹ መዝገብ ስለ ተረፈ ነው፤ ቅጠሏን የሠራችው ልጅ ግን ስሟ አልተጻፈም። ሥራዋ በሙዚየም ሣጥን ውስጥ ሲገኝ የደጋፊዋን ስም እንጂ የእርሷን አይናገርም። በእኛ አገር ግን ኪሮሽን ከእናታቸው፥ ከጎረቤታቸው ወይም ከትምህርት ቤት የተማሩ ሴቶች ዛሬም በሕይወት አሉ። ከመጀመሪያ እጅ ሊጠየቁ ይችላሉ፤ ማን አስተማረሽ? የመጀመሪያው መርፌሽ ከምን ተሠራ? አስቀድሞ የሠራሽው ምን ነበር? ለእያንዳንዱ አበባና ጠርዝ በአማርኛ ምን ስም ትሰጡታላችሁ? ፈትተሽ መልሰሽ የሠራሽውስ ስንት ጊዜ ነው?

ስለዚህ የዚህ ማኅበር አባላትና ከፍተኛ ተማሪዎች በዕረፍት ጊዜያቸው ወደየወላጆቻቸው ቤት ሲሄዱ እነዚህን ጥያቄዎች እንዲጠይቁ፥ መልሱንም ከተናጋሪዋ ፈቃድ ጋራ ከቀኑና ከቦታው አያይዘው እንዲመዘግቡ ይህ ጸሐፊ ያሳስባል። የሚቻል ከሆነም ያለቀውን ዳንቴል ብቻ ሳይሆን ጀማሪ የሠራችውን፥ ጠርዙ የጠበበውን፥ ቀለበቱ የላላውን ጭምር ይሰብስቡ። ያለቀው ሥራ የባለሙያዋን ችሎታ ያሳያል፤ ሙያው ከእጅ ወደ እጅ እንዴት እንደ ተሻገረ የሚያሳየው ግን ጀማሪዋ የሠራችው ነው።